መውጫ ያለው ባለሙያ ይቆያል፦ ግጭት በነካቸው ወረዳዎች የጤና ሠራተኛን ለማቆየት ዝርዝር መመሪያ

ባቢሌ፣ ጭናክሰን ወይም ጉርሱም ላይ ችግር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚሸሸው ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ ነው። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ ሲታመስ ይህን በዓይናችን አይተናል። ሐረር አጠገብ ሐማሬሳ፣ በባቢሌና በጅግጅጋ መካከል ደግሞ ቆሎጂ በተፈናቃይ ሞሉ። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ የላብራቶሪ ባለሙያውም ሰው ናቸውና ነፍሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነገሩ ሲረግብ ገበሬው ማሳው ይጠብቀዋል፣ ነጋዴው ሱቁን ይከፍታል። ጤና ጣቢያው ግን እንደዚያ በቀላሉ አይነሳም። ነርሷ ድሬ ሳቢያን አካባቢ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ጤና መኮንኑ ሌላ ዞን ተወዳድሮ ገብቷል። አዋላጇ ስልኳ አይሠራም። የዚያ ቀበሌ ነፍሰ ጡር ደግሞ ምጥ ሲይዛት የምትሄድበት የላትም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ላሉ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ነው። ሐሳቤ አንድ ነው። ሰው የሚቆየው መውጫውን ሲያውቀው ነው። በምን እንደምወጣ፣ መቼ እንደማርፍ፣ መቼ እንደምዛወር፣ ብወጣም ደመወዜ እንደማይቆረጥ ካወቅሁ እቆያለሁ። መልቀቂያ በመከልከል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በመያዝ፣ በማስፈራራት የተያዘ ባለሙያ ግን አንድ ሌሊት ሻንጣውን ትቶ ይጠፋል። የጠፋ ሰው ደግሞ አይመለስም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የደመወዝ ስኬል በጤና ጣቢያ ኃላፊ እጅ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በአገር ደረጃ ያነሱት የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መልሱም ከላይ መምጣት አለበት። እዚህ የምጽፈው ግን እስከዚያው ድረስ ወረዳውና ተቋሙ በእጃቸው ባለው ነገር ምን ማድረግ እንደሚችሉ ነው። ብዙ ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ አዲስ ከመቅጠራችሁ በፊት ያሉትን አነጋግሩ

የቅጥር ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ደብተር ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሙያውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ ቤተሰቡ የት እንደሚኖር፣ መጨረሻ የዓመት ፈቃድ የወጣው መቼ እንደሆነ፣ በወር ስንት ሌሊት ተረኛ እንደሚሆን፣ የስንት ወር የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ እንዳልተከፈለው ጻፉ። ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ዘመድ ስልክም ይኑር። ብሔርና ሃይማኖት አትጻፉ። ይህ ደብተር ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ማንንም መጉዳት የለበትም። ተቆልፎ ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ ሐረር ወይም ድሬ ይኑር።

ከዚያ አንድ በአንድ አነጋግሩ። ስብሰባ ላይ ሰው የልቡን አይናገርም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፣ “በቅርቡ ሥራውን ልተወው ብለሽ ያሰብሽበት ቀን አለ? ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር?” ሁለተኛ፣ “አንድ ነገር ብቻ ብናስተካክል ምን ይሁን?” ሦስተኛ፣ “ነገ ሌሊት ተኩስ ቢሰማ ወዴት ትሄጃለሽ? በምን?”

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይናገራል። “እኔ እንጃ” ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ ግማሽ ልቡ ሄዷል ማለት ነው። “አምቡላንሱ በጓሮ በር ይወስደናል፣ ሾፌሩ ቁልፉን ይዞ ነው የሚያድረው” የሚል መልስ ስትሰሙ ደግሞ ያ ተቋም ገና እንደቆመ ዕወቁ።

ጥያቄው ለሐኪምና ለነርስ ብቻ አይደለም። ጥበቃውን፣ ጽዳቷን፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን፣ ሾፌሩን ጠይቁ። ሾፌሩ ከሌለ አዋላጇ ብትኖርም ደም የሚፈስሳት እናት ሆስፒታል አትደርስም። ከውይይቱ በኋላ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር ፈጽሙ። ትንሽ ይሁን፤ የተረኛ ክፍሉ በር ቁልፍ፣ አንድ የውሃ ሮቶ፣ አምፖል። ጠይቆ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ከመጀመሪያው ካለመጠየቅ ይብሳል።

ደረጃ 2፦ መንገድ ቢዘጋም ደመወዝ እንዳይቋረጥ አድርጉ

የጤና ሠራተኛ በአደጋ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይታገሣል። ልጁን ማብላት ሲያቅተው ግን መታገሥ አይችልም። የትግራይ ጦርነት ይህን በግልጽ አሳይቷል። እዚያ የጤና ባለሙያዎች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። በ2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው ነበር፤ በአግባቡ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ሕንፃና አልጋ በእርዳታ ይተካል። ያለ ደመወዝ ተጎድቶ ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ውጭ አገር የወጣ ባለሙያ ግን በቀላሉ አይተካም።

ስለዚህ በሰላሙ ጊዜ እነዚህን ጨርሱ። የፔሮሉን ሙሉ ቅጂ ከወረዳው ውጭ፣ ዞን ወይም ሐረር አስቀምጡ። የወረዳው ፋይናንስ ቢዘጋ የትኛው ጽሕፈት ቤት በምትኩ እንደሚከፍል አሁን በደብዳቤ ይወሰን። ግጭት ከተነሳ በኋላ “ማን ይፈርም?” እየተባለ ወራት ያልፋል። የሁሉም ሠራተኛ የባንክ ሒሳብ ሌላ ከተማ ባለ ቅርንጫፍም የሚያወጣበት መሆኑን አረጋግጡ። ቴሌብርና ሲቢኢ ብር ያላቸውን መዝግቡ፤ የሌላቸው ይክፈቱ። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሁለቱም አይሠሩም። ስለዚህ ስጋት በሚያይልባቸው ወራት ቅድሚያ ክፍያ እንዲፈቀድ ከፋይናንስ ጋር ተነጋገሩ። ጥሬ ገንዘብ በአምቡላንስ አትላኩ፤ ሾፌሩንም መኪናውንም ለወንበዴ ማጋለጥ ነው።

ዲዩቲን ለየብቻው ላንሳው። ከማንም ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ ቁጣው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ክፍያው ሲከማች፣ ያ ገንዘብ ከገንዘብነት አልፎ ንቀት ይሆናል። ውዝፍ ካለ ደብቃችሁ አትያዙት። የእያንዳንዱን ሰው ውዝፍ ወር በወር አስልታችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ቅጂውን ለራሱ ስጡት። “ይህን ያህል አለብን፤ ይህን ያህሉን በዚህ ወር እንከፍላለን” በሉ። ከውስጥ ገቢ ምን መክፈል እንደሚፈቀድ ከቦርዱ ጋር ተወያዩ። የውስጥ ገቢ በደንብ የሚሰበስብ ተቋም መመሪያው በፈቀደው መጠን የመኖሪያና የመጓጓዣ ችግርን ማቃለል ይችላል። የበረሃ አበልና የተጋላጭነት አበል ለሚገባቸው ሁሉ እየተከፈለ መሆኑንም አጣሩ። መብቱ እያለው ሳያውቀው የቀረ ሠራተኛ አይጠፋም።

ደረጃ 3፦ መውጫና መመለሻውን በወረቀት አስቀምጡ

ከሁሉም በላይ መቆየት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ኃላፊ “ለእረፍት ከለቀቅሁት አይመለስም” ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ሰውየው አንዴ ከወጣ ዳግም የሚወጣበትን ቀን ስለማያውቅ ነው የማይመለሰው። ቀኑን አስቀድሞ ካወቀው ይመለሳል፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ዕረፍትም የእሱ ነው።

የሥራና የዕረፍት ዙሩን እንዲህ አስሉት። ሠራተኛው 6 ሳምንት ሠርቶ 2 ሳምንት ይረፍ እንበል። ከ8 ሳምንት 6ቱን አለ ማለት ነው። ሁልጊዜ 3 ነርስ በሥራ ላይ እንዲኖር ከፈለጋችሁ 4 ነርስ ያስፈልጋችኋል። 6 ከፈለጋችሁ 8። ለወረዳው “ሰው ጨምሩልን” ከማለት “ለዙሩ አንድ ነርስ ጎድሎናል” ማለት ይሻላል፤ ቁጥር ያለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። የሌሊት ተራንም እንደዚሁ አስሉ። ሁለት አዋላጆች ብቻ ካሏችሁ እያንዳንዳቸው በወር 15 ሌሊት ያድራሉ። ሦስተኛ ስትመጣ 10 ይሆናል። የዚያች የሦስተኛዋ መምጣት ሁለቱን ያቆያቸዋል።

አንድ ብቻ የሆነ ባለሙያስ? የላብራቶሪው፣ የፋርማሲው፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው? እነዚህን ለብቻቸው አስቡባቸው። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው አንድ ከሆነና ደክሞት ከለቀቀ፣ በኦፕራሲዮን መውለድ በዚያ ወረዳ በአንድ ቀን ይቆማል። ከጎረቤት ወረዳ ጋር መለዋወጥ፣ ወይም ከሐረርና ከድሬ ሆስፒታሎች ለሁለት ሳምንት ተተኪ የሚመጣበት ስምምነት ይኑር። ሕይወት ፋናና ድል ጮራ ከየወረዳው ሪፈር የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ናቸው። ወረዳው ውስጥ አንድ ሰው ባረፈ ጊዜ ተተኪ መላክ፣ ያልተዘጋጀችን እናት በሌሊት ከመቀበል ለእነሱም ይቀልላል።

ከዕረፍት ዙሩ ቀጥሎ የዝውውር ውል አለ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ “እዚህ ሁለት ዓመት ካገለገልሽ ወደ መረጥሽው ቦታ በቅድሚያ ትዛወሪያለሽ” የሚል ደብዳቤ ማን እንደሚፈርም አስቀድማችሁ ከዞኑ ጋር ተስማሙ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶ “ተተኪ እስኪገኝ ታገሺ” ከተባለች፣ ከእሷ ኋላ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ደብዳቤውን አያምንም። ቃሉን ማክበር አንድ ሰው ያሳጣችኋል፤ አምስት ሰው ያቆይላችኋል።

ዘመቻ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ክትባት ሲመጣ፣ ኮሌራ ወይም ወባ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰረዘው የሠራተኛው ዕረፍት ነው። ድሬ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በቺኩንጉንያ ስትታመስ ያየ ሰው የወረርሽኝ ሥራ እንዴት እንደሚያደክም ያውቃል። ዕረፍት መሰረዝ ግድ ከሆነ በዚያው ቀን ምትክ ቀን ጽፋችሁ ስጡ።

ደረጃ 4፦ የደህንነት ዕቅድ፣ ሁሉም የሚያውቀው

ዕቅዱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሥራ እንዲቆም የሚወስነው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ፤ እሱ ከሌለ ምክትሉ። የዞኑ ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። መሰብሰቢያው የት ነው? መኪናው ሁልጊዜ ስንት ነዳጅ ይኖረዋል? ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ቢዘጋ ሁለተኛው የትኛው ነው? ስንደርስ የት እናድራለን? መጨረሻው ጥያቄ ይረሳል። ሐረር ወይም ድሬ ላይ በሩን የሚከፍት አንድ ቤት ወይም የተቋም ማደሪያ ስምምነት ይኑራችሁ።

መሣሪያ ወደ ግቢ አይግባ። ይህ ለማንም ነው፤ ለመንግሥት ጸጥታ ኃይልም፣ ለሌላውም። በሩ ላይ ምልክት ስቀሉ፣ ግን ምልክቱ ብቻውን አይበቃም። ከአባገዳው፣ ከኡጋዙ (ከሶማሌው የጎሳ መሪ)፣ ከሼሁ፣ ከቄሱ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። የእኛ አካባቢ ሰው በሽማግሌ ፊት የተነገረ ነገር ማፍረስ ይከብደዋል። ስምምነቱን በሰላም ጊዜ አድርጉት፤ ችግር ከተነሳ በኋላ ሽማግሌውም አይደመጥም።

አምቡላንሱ የታጠቀ ሰው፣ የስብሰባ ተጓዥ፣ የባለሥልጣን ዕቃ አይጫንበት። አንድ ቀን እንዲህ ሲሆን ከታየ፣ በቀጣዩ ኬላ የሚተኮስበት በውስጡ ምጥ የያዛት ሴት እያለች ሊሆን ይችላል። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ምልክትም እንደፈለጋችሁ የምትቀቡት አይደለም። በሕግ የተጠበቀ ምልክት ነው፤ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ጋር ተነጋገሩ። ያለአግባብ በተጠቀምንበት ቁጥር ለሚገባቸው የሚሰጠው ከለላ ይሳሳል።

ባለሙያዎቻችሁ መብታቸውን ይወቁ። ኢትዮጵያ የተቀበለቻቸው የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የቆሰለና የታመመ ሰው ያለ አድልዎ ይታከም ይላሉ። ሐኪም በሙያው ሥነ ምግባር መሠረት ማንንም በማከሙ ሊቀጣ አይገባም። ይህን በአንድ ገጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ አባዝታችሁ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስጡ። ቅጂውን ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስም ስጡ፤ ከሠራተኛው ይበልጥ ማንበብ ያለባቸው እነሱ ናቸው። የቁስለኛ መዝገብ ላይ የሕክምናው ነገር ብቻ ይጻፍ። “ከየትኛው ወገን ነው” የሚለው ሕክምናውን አይረዳም፤ ሰውን ግን ሊያስገድል ይችላል። መዝገቡ ይቆለፍ።

በመጨረሻም የክስተት መዝገብ ያዙ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሆነው ነገር፣ የተጎዳ ሰው ካለ፣ የቆመ አገልግሎት ካለ። ዛቻም ይመዝገብ። ዛቻ ሲደጋገም አደጋ እየቀረበ ነው።

ደረጃ 5፦ የሴት ሠራተኞችን ኑሮ ለብቻ ተመልከቱ

አዋላጆቻችን በብዛት ሴቶች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶችን አቁሞ ነው የተገነባው። እነዚህ ልጆች ጤና ኬላ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፤ ቤት ለቤት ብቻቸውን ይሄዳሉ። ግጭት ባለበት ቦታ ለእነሱ አደጋው ጥይት ብቻ አይደለም። ጾታዊ ጥቃት አለ፤ ደፍሮ የሚያወራበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ የተረኛ ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። መጸዳጃ ቤቱ መብራትና መቀርቀሪያ ይኑረው። ሌሊት ጥሪ ሲመጣ አዋላጇን ከቤቷ የሚያመጣት ሰው ይመደብ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስጋት ባለባቸው ቀበሌዎች ሁለት ሆነው ይውጡ፤ ዕቅዱ ቢቀንስ ይቀንስ። ጥቃት ቢደርስ የምታናግራት አንዲት የታመነች ሴት ትኑር፤ አለቃዋ ባትሆን ይመረጣል። ከጥቃት በኋላ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት ሁሉም ይወቅ፤ መድኃኒቱም በእጅ ይኑር።

የመኖሪያ ቤት ነገርም አለ። ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት መሥራት ብዙ የማይመስላቸው ሰዎች አሉ። ግን በጨለማ ከገበያ ዳር ተከራይታ የምትኖር ነርስና ግቢ ውስጥ የምትኖር ነርስ አንድ አይደሉም። አንድ የፀሐይ ፓኔልና ስልክ መሙያ ሶኬት ቢጨመርበት ከእናቷ ጋር ታወራለች። ልጆች ያሏት ደግሞ ልጆቿ ድሬ ወይም ሐረር ይማሩ ይሆናል። በዙሩ የዕረፍት ሳምንታት እዚያ እንድትሆን፣ ባለቤቷም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ አንድ አካባቢ እንዲመደቡ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉላት። ደብዳቤ ወጪ የለውም።

ደረጃ 6፦ ሙያው እንዲሠራ አድርጉ

ባዶ ፋርማሲ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ጎበዝ ባለሙያ አይቆይም። እናት ደም እየፈሰሳት ኦክሲቶሲን የለም ማለት፣ ልጅ ትንፋሽ አጥሮት ኦክሲጅን የለም ማለት ሰውን ከውስጥ ይሰብራል። ብዙዎች የሚሸሹት ይህን ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለው። መንገድ የሚዘጋበትን ወቅት አስባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ኦክሲቶሲን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከመጠባበቂያው ጋር የፀሐይ ማቀዝቀዣ ይታሰብ።

ሌላው ብቸኝነት ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ከባድ ታካሚ ፊት ብቻውን ሲቆም የሚደውልለት ሰው ይፈልጋል። ከሕይወት ፋና፣ ከጁገልና ከድል ጮራ ፈቃደኛ ስፔሻሊስቶችን በሙያ ከፋፍላችሁ የስልክ ዝርዝር አዘጋጁ፤ በተቋሞቹ ኃላፊዎች ስምምነት ይሁን፤ ተረኛው በየሳምንቱ ይታወቅ። ለሪፈር ሲላክ ደግሞ መልስ ይምጣ። “የላካችኋት እናት በሰላም ወልዳለች፤ ጥሩ አድርጋችሁ ነው ያረጋጋችኋት” የሚል አንድ መልእክት ሰውን ያቆማል።

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ከሌለ ፈቃድ አይታደስም። ግጭት ያለበት ወረዳ ውስጥ ያለ ባለሙያ ሥልጠና ሲያመልጠው ፈቃዱም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። የዕረፍት ሳምንታቱ ሐረር ወይም ድሬ ከሆኑ፣ ከሐረማያና ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተነጋግራችሁ በዙሩ መጨረሻ አጭር ሥልጠና አመቻቹ። ዕረፍቱን ግን አትብሉበት። የትምህርት ዕድል ሲመጣም ቅድሚያው እዚያ ለቆዩት ይሁን። ከከተማ ሳይወጣ ዕድሉን የሚወስድ ሰው ሲያይ፣ ወረዳ ያለው ተስፋ ይቆርጣል።

ደረጃ 7፦ የአካባቢውን ልጅ አስተምሩ፣ ግን ጫናውን ዕወቁ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው መመሪያዎች ገጠር ያደገ ተማሪ ገጠር የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አስምሮበታል። አንድ ማበረታቻ ብቻውን እንደማይሠራ፣ ትምህርት፣ ማበረታቻና ድጋፍ ተጣምረው መሄድ እንዳለባቸውም ይናገራል። በእኛ በኩል ደግሞ ቋንቋ ይጨመርበታል። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚናገር ነርስ ታካሚውን ከመረዳቱ በላይ ስጋትም ቀድሞ ይሰማል።

ነገር ግን የአካባቢው ልጅ መሆን ከለላ ብቻ አይደለም። ግጭቱ በሰፈርና በጎሳ ሲሆን “ለእነማን ነው የምታክመው?” የሚል ጫና የሚበዛበት እሱ ላይ ነው። ከሌላ ወገን የመጣው ደግሞ ሌላ ስጋት አለበት። መፍትሔው በብሔር መመደብ አይደለም፤ ያ ጤና ጣቢያውን የአንድ ወገን ያደርገዋል። መፍትሔው ሰውየውን ለብቻ መጠየቅ ነው። “እዚህ ቦታ ለአንተ ይመቻል? ስጋት አለህ?” አለኝ ካለ ምክንያት ሳታስቆጥሩት ቦታ ቀይሩለት።

ደረጃ 8፦ ከክፉ ቀን በኋላ

ሠራተኛ ተደብድቦ፣ ታግቶ፣ ወይም ባልደረባው ሞቶበት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው። ደህና ቦታ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ስልክ። “የሆነውን ንገረን” ብላችሁ ሰብስባችሁ አታስጨንቁት። የግዴታ የቡድን ማውራት እንደማይረዳ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። መናገር ከፈለገ አዳምጡ፤ ካልፈለገ አብራችሁት ተቀመጡ። በሳምንቱ ጠይቁት፤ በወሩም ጠይቁት። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ መጠጥ ወይም ጫት ከልክ ካለፈበት ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ላኩት፤ ወጪውን ተቋሙ ይሸፍን። በዚያ ወር የሌሊት ተራ አትስጡት። ተጎድቶ የተኛበት ጊዜ ከዓመት ፈቃዱ እንዳይቆረጥም ተከታተሉ።

ደረጃ 9፦ የሄደውን በክብር ሸኙ፣ በሩንም ክፍት ተዉ

መልቀቂያ ለጠየቀ ሠራተኛ በሕጉ መሠረት ስጡት። የሥራ ልምዱን በትክክል ጻፉ፤ ግጭት ባለበት ቦታ ማገልገሉም ይጠቀስለት። ውዝፉን አስሉለት። ለምን እንደሄደ ጠይቁት፤ አሁን የሚፈራው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይነግራችኋል። መልሱን በደረጃ 1 ደብተር ላይ ጻፉ፤ ስሙን ትታችሁ።

ተፈናቅሎ ሐረር ወይም ድሬ የገባውን ደግሞ እንደ ለቀቀ አትቁጠሩት። መደቡ ይጠበቅለት፤ ደመወዙ ይቀጥል፤ በከተማው ተቋም ጊዜያዊ ሥራ ይመደብ። ያለ ሥራ የተቀመጠ ባለሙያ ሌላ ይፈልጋል፤ ቢፈልግም እውነት አለው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው ይደውልለት። “እንዴት ነህ? ልጆቹስ? እኛ ጋ ነገሩ እንዲህ ሆኗል” ይበቃል። መመለስ ሲቻል ሁኔታውን ሳታሳምሩ ንገሩት፦ መንገዱ፣ የቤቱ ሁኔታ፣ አሁንም ያለው ስጋት። ከተስማማ የትራንስፖርቱን ክፈሉ። ከመድረሱ በፊት ቤቱ ይጠረግ፣ ውሃ ይሞላ፣ የተሰበረው ይጠገን። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት አታስገቡት። ቀጣዩን የዕረፍት ቀኑን ደግሞ በደረሰበት ዕለት ጽፋችሁ በእጁ ስጡት።